ስፑርጎ

በሱ ሰዓት አሥር ተኩል፣ በኔ ሰዓት አራት ተኩል፤
ነቲቮት ከብርድ ልብሷ አንድ እግሯን እንኳ ሳትነቅል፣
ቁልፍ አዞርኩ ከሕንፃው ሥር። አሮጌው ፒክአፕ፣ አይሱዙ፣
ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፤ ሁለት መብራቶቹ ደነገዙ።
እህ — እህ — እህ — ይላል፣ ጉሮሮው እንደታነቀ፤
አሁን ተነሳ ስል ደግሞ ትንፋሹ እዚያው አለቀ።

አባቴ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤርሳቤህ መድረስ አለበት፤
ኩላሊቱ ሥራ ካቆመች ማሽን ነው ደሙን የሚያጥብለት፤
እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። አንድ ቀን ካለፈው ያብጣል፤
እግሩ ከጫማው ይበልጣል።

አርካዲ ወረደ በቁምጣ፣ የባትሪ ሽቦ አንጠልጥሎ፤
«ባትሪ ነው» አለ፤ አሰረልን፤ ሞተሩ ዞረ ተቻኩሎ።
አልተነሳም።
ማክሉፍ ደግሞ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ከፍቶ ያዛል፦
«ዕድሜ ለብረት አይሆንም፤ ሽጪው፣ በኪሎ ይገዛል።»

ታክሲ ልጠራ ብዬ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ፣
ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ የአባቴ ድምፅ መጣ፦
«ሲጋሊት! አትልፊ፤ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም፤
ይዞራል እኮ፣ ጉልበት አለው፤ የሚጠጣው ግን የለም።
ፊልትሮውን አይተሽው ታውቂያለሽ?»
ዝም አልኩ።
«ለኔ ደም ማጣሪያ ብለሽ በሳምንት ሦስቴ ትነጃለሽ፤
የሱን ስንት ዓመት ረሳሽው? ከዚያ ‹ተነሳ› ትይዋለሽ!»
ሳቀ። ሳሉ ከሳቁ ረዘመ።
ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ብርዱ ከብረቱ ጣቴ ላይ ታተመ።

ፊልትሮው ላይ፣ ከአቧራው ሥር፣ በቀለም የተጻፈ አለ፤
ግማሹ በናፍታ ሟሙቶ፣ ግማሹ ሊነበብ ቻለ፦
ኅዳር ፲፪።
ዓመቱ ጠፍቷል።
ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው። ያኔ እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

«ከሥሩ ብሎን አለ፣ ፍቺው፤ ጣሳ አስቀምጪበት።»
እኔ «ሶላር» እላለሁ፣ እሱ «ናፍታ» ነው የሚለው፤
ጣሳው ውስጥ የወረደው ግን ውኃ ነው፣ አተላ ያለው።
«ከመቀመጫዬ ኋላ፣ ከክሪኩ ጎን፣ ካርቶን አለ፤
አዲስ ነው፤ ገዝቼው ነበር፤ ሳልቀይረው እጄ ዛለ።
ጎማዋን ናፍታ ቀቢያት። በእጅ ብቻ አጥብቂው፤
ቁልፍ እንዳታስነኪው!»

አዞርኩ። እህ — እህ — እህ።
«አላልኩሽም?» አለ ማክሉፍ፤ መስኮቱም ጓ ብሎ ተዘጋ።
«ስፑርጎ!» አለ አባቴ፣ ወደ በረንዳው ብረት ጠጋ።
ቃሉን አላውቀውም። ዕብራይስጥም አይደል፣ አማርኛም፤
ጎንደር፣ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ ገና በልጅነቱ፣
ከጣሊያን ወደ ሾፌር፣ ከሾፌር ወደሱ የወረደ ነው ንብረቱ።
«አየር ገብቶበታል! የላይኛዋን ብሎን በካቻቪቴ አላሊ፤ በአውራ ጣት ፓምፑን ተጫኚ፤
አረፋው ሳያልቅ እንዳትለቂ፤ እንዳትቸኩይ፣ ጽኚ።»

ሃያ፣ አረፋ። ሠላሳ፣ አረፋ። አውራ ጣቴ ደነዘዘ።
ከላይ እሱም አብሮኝ ይቆጥራል፤ አርባ ላይ ድምፁ በሳል ተያዘ፤
ብቻዬን ቀጠልኩ።
ስድሳ ሁለት ላይ አረፋው ቀረ፤ ጠርቶ፣ ቀጥኖ ፈሰሰ።
ብሎኑን አጠበቅኩ። ቁልፍ።
እህ — እ —
ተነሳ! መጀመሪያ እያነከሰ፤
ነጭ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ የማክሉፍን መስኮት አለበሰ።

አባቴ ደረጃውን ወረደ፣ እያንዳንዱን እግር እያማከረ፤
ገባ፤ በሩን ሁለቴ ሳበው፤ ቀበቶውን ቀስ ብሎ አሰረ።
«ቀኑን ጻፍሽበት?»
«ይረፍድብናል፣ አባባ።»
«ይርፈድ። ጻፊበት።»
አርካዲ ከኪሱ ማርከር ሰጠኝ። ኮፈኑን መልሼ ከፈትኩ፤
በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኬ፣
«በየትኛው ቁጥር ልጻፍ?» አልኩት።
ትንሽ አሰበ።
«አንቺ በምታነቢው» አለ።